የምሰሶው ጫማ የላላ፣ ወለሉ የበሰበሰ የሸራ ጀልባ፦ ቪቴ ከማጥበቅህ በፊት

ጥያቄው ከባሕር ዳር የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ 5 ሜትር ገደማ የምትሆን አሮጌ የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ ገዝቻለሁ። ምሰሶዋ አሉሚኒየም ነው፤ የላይኛው ወለል ላይ የብረት ጫማ ውስጥ ቆሞ በሽቦ ተወጥሯል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጫማው ይነቃነቃል። ቪቴዎቹን ላጥብቅ ስል ይሽከረከራሉ እንጂ አይነክሱም። ዙሪያውን ስረግጠው ወለሉ ረገብ ይላል፤ አምና ክረምት ደግሞ ከውስጥ በኩል ቡናማ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ጓደኞቼ ወፍራም ቪቴ አስገብተህ ሲልከን ሙላበት ይሉኛል። አንድ አናጢ ወለሉን በሙሉ ገንጥዬ በዋንዛ ልሥራልህ ብሎኛል። የቱን ልስማ? ክረምት ሳይገባስ ይደርሳል?»

ሁለቱንም አትስማ ወንድሜ። ጓደኞችህ በሽታውን አላዩትም። አናጢው ደግሞ አይቶታል፣ ግን ከሚገባው በላይ ሊቆርጥልህ ነው።

ያንተ ችግር ቪቴ አይደለም፣ ውሃ ነው። ቪቴው የሚሽከረከረው የሚነክሰው እንጨት ስላጣ ነው። እንጨቱ የጠፋው ደግሞ በዚያው በቪቴው ቀዳዳ ዳር ለዓመታት ውሃ ሲሰርግ ስለኖረ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የበሰበሰውን ታወጣለህ፣ ከዚያ ደረቅ እንጨት ትተካለህ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን እንጨቱ ዳግመኛ ውሃ በማያይበት መንገድ ትበሳለህ። ጫማውን ማሰር የመጨረሻውና ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ከሱ ነው የሚጀምረው።

እንዲህ ያለ ጀልባ ወለሉ ሲያዩት ድፍን ፋይበር ይመስላል። አይደለም። ከላይ ስስ የፋይበርግላስ ቆዳ አለ፣ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከታችም ሌላ ስስ ቆዳ አለ። መሃሉ ላይ ኮምፖርሳቶ ወይም ባልሳ የሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ታሽጓል። ጥንካሬው የሚመጣው ሁለቱ ቆዳዎች በእንጨቱ ተራርቀው አንድ ላይ ስለተያያዙ ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ቆዳዎቹ ይለያያሉ፤ ያኔ ነው እግርህ ሥር ረገብ የሚለው። ቡናማው ውሃም ሌላ ምንም አይደለም፣ የበሰበሰው እንጨት ጭማቂ ነው።

እንጨቱን የሚበላው በእርግጥ ፈንገስ ነው። ፈንገስ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ካገኘ ይሠራል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ግን አይራባም። ጨውም አይስማማውም። ባሕር ላይ የሚኖር ጀልባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው በባሕሩ ውሃ ሳይሆን ከላይ በሚሰርገው ዝናብ ነው። ጣና ላይ ደግሞ ከላይም ከታችም ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ አንተው ታውቀዋለህ። ለፈንገስ ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

አሁን የጓደኞችህን ምክር እንየው። ወፍራም ቪቴ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ከላይ ያለውን 3 ሚሊ ቆዳ ብቻ ነው። ሲልከኑ ደግሞ ውስጥ ያለውን ውሃ መውጫ ይነሳዋል። በዚያ ላይ ሲልከን አንዴ ከተቀባ ሬዚንም (ፋይበሩን የሚያጣብቀውና የሚያጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ) ቀለምም በላዩ አይዝም፤ በአሴቶን ብታጥበው እንኳ ቅባቱ ይቀራል። ነገ በትክክል ልሥራ ስትል መጀመሪያ እሱን ፍቀህ ማውጣት ይሆናል ሥራህ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው።

የአናጢው ሐሳብ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወለሉ በሙሉ በስብሷል ብዬ አላምንም፤ እንዲህ ያለው ብስባሴ ከቀዳዳ ተነስቶ ነው የሚዛመተው። ሁለተኛ፣ ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፣ ማንም አይክደውም፣ ግን ድፍን ጣውላ በሁለት ፋይበር መሃል ሲታሸግ እርጥበት ባገኘው ቁጥር በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ፋይበሩንም ይሰነጥቀዋል። ኮምፖርሳቶ ንብርብሩ ተሻግሮ ስለተጣበቀ እንደዚያ አይንቀሳቀስም። በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። በ5 ሜትር ጀልባ ላይ ከላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ጀልባዋን ለመገልበጥ ያመቻቻታል። ዋንዛው ሌላ ቦታ ያስፈልግሃል፣ ቆይ እመጣበታለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ከዛሬ ጀምሮ ሸራ አትዘርጋ። ምሰሶው የቆመው በሽቦዎቹ ውጥረትና በዚያ ጫማ ነው። ጫማው ከተንሸራተተ ምሰሶው ከነሽቦው ይወርዳል፣ የሚወርደውም ሰው ላይ ነው። ምሰሶውን አውርደህ በመቅዘፊያ ወይም በትንሽ ሞተር ወደ ደብረ ማርያም ወይም ወደ ዘጌ ብትሄድ አልከለክልህም። ሸራ ግን አይሆንም።

ምሰሶውን በጠዋት አውርድ፣ ሐይቁ ሳይነሳ። ብቻህን አትሞክር። የሽቦ መወጠሪያዎቹን ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ክሩ የቆመበትን ቦታም በፕላስተር ምልክት አድርግ፤ ስትመልሰው ከግማሽ ቀን ድካም ያድንሃል። ጀልባዋን ወደ ደረቅ አውጥተህ ከሆነ ደግሞ ቀና ብለህ እይ። የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ቦታ ቀይር። የአሉሚኒየም ምሰሶ መስመር ከነካ ቀልድ የለም።

ጫማው ሲነሳ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ምስማር ጎርጉራቸው። የሚወጣው ነጭና ጥርት ያለ የእንጨት ፍርፋሪ ከሆነ እሰየው። ጥቁር ጭቃ መሳይ ከሆነ፣ ወይም ቡናማ ሆኖ በጣት ሲያሹት የሚፈርስ ከሆነ ያ ቦታ ሞቷል። ቪቴዎቹንም ተመልከታቸው። ስቴንለስ አይዝግም ይባላል፣ ግን አየር በማያገኝ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲቀበር ከአንገቱ በታች ይበላል። ራሱ እያብረቀረቀ አንገቱ የቀጠነ ቪቴ ካገኘህ ወርውረው።

አሁን የብስባሴውን ድንበር ፈልግ። የአንድ ብር ሳንቲም ወይም የካቻቢቴ እጀታ ያዝና ወለሉን በየጣት ርቀቱ ኳ ኳ አድርገው። ደህናው ቦታ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የተለያየው ቦታ ድብ ድብ ይላል፤ ባዶነቱ ለጆሮ ይታወቃል። ድምፁ የተቀየረበትን በጠመኔ ክበበው። ይሄ ግን ግምት ነው፤ እርጥብ ሆኖ ገና ያልተላቀቀ እንጨት ደህና ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በ5 ሚሊ ፑንታ ከመስመሩ ውጭ የሙከራ ቀዳዳ ብሳ። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥመህ ጥልቀቱን ወስን፣ የላይኛውን ቆዳና እንጨቱን እንጂ የታችኛውን ቆዳ እንዳትነካ። የሚወጣውን ፍቅፋቂ በነጭ ወረቀት ተቀበለው። ጨለማ ወይም እርጥብ ከሆነ ትንሽ ራቅ ብለህ ሌላ ብሳ። ደረቅና ነጣ ያለ እስኪወጣ ቀጥል። የምትቆርጠው ከዚያ ደረቅ መስመር ትንሽ አልፈህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውሃው የግድ በጫማው ቀዳዳ ብቻ አልገባም። የጎን ሽቦዎቹ ከጀልባዋ ጋር የሚገናኙባቸውን ብረቶች እይ፣ የእጅ መያዣዎቹን እይ፣ በወለሉ ላይ የታሰረ ማንኛውንም ነገር እይ። ውሃ በአንዱ ገብቶ በእንጨቱ ውስጥ ተጉዞ ዝቅ ያለው ቦታ ይጠራቀማል። የጫማውን ቦታ አድሰህ የጎኑን ብረት ከተውከው ለከርሞ እዚያው ትመለሳለህ።

አንዳንዱ ደግሞ ቀዳዳ በዛ አድርገህ ቀጭን ሬዚን ብትወጋበት ይጠነክራል ይልሃል። እርጥብ እንጨት ሬዚን አይጠጣም፤ ቦታው በውሃ ተይዟላ። ቀዳዳው አካባቢ ትንሽ ይጠነክርና ከዚያ ወዲያ ያለው ብስባሴ ሥራውን ይቀጥላል። የበሰበሰ እንጨት ይወጣል። በቃ።

ከላይ ነው ከታች የምትከፍተው? ከታች ቢሆን የላይኛው ፊት አይነካም፣ ውበቱ ይጠበቅልሃል። ግን ባንተ ጀልባ ውስጥ ተንጋለህ ሬዚን ፊትህ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የምትሠራው፣ እንጨቱንም ወደ ላይ ይዘህ ማጣበቅ መከራ ነው። ከላይ ክፈተው። ቀለም እንደሆነ ትቀባዋለህ።

ከመቁረጥህ በፊት ከውስጥ ድጋፍ ትከል። ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መሃሉ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ነው፤ እንጨቱ ሲወጣ የታችኛው ስስ ቆዳ ይረግባል፣ እንደረገበ ካጣበቅክበት ደግሞ ጉብታው ለዘላለም ጠፋ፣ ውሃም እዚያው ይተኛል። ሁለት ሦስት ቋሚ እንጨት፣ ጫፋቸው ላይ ጣውላ፣ ይበቃል።

ግራይንደሩን የላይኛው ቆዳ ውፍረት ድረስ ብቻ አስገባ። መስመሩን ቀጥ አድርግ፣ ማዕዘኖቹን ግን ክብ አድርጋቸው፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። የተቆረጠውን ቆዳ ሳትሰብር በስፓቱላና በመሮ ፈልቅቀህ አንሳው። አትጣለው፣ ለአዲሱ እንጨት መለኪያ ይሆንሃል፣ ደህና ከሆነም መልሰህ ትለጥፈዋለህ። ይህን ስትሠራ አፍንጫህን በስካርፍ ሸፍነህ እንዳትገባበት። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ትክክለኛ የብናኝ ማስክ፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። ማታ ላይ ደግሞ ሰውነትህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያብሰዋል።

የበሰበሰው አብዛኛው በእጅ ይወጣል። ደህና የሆነው ጫፍ ላይ ስትደርስ በመሮ ነው። የታችኛው ቆዳ ላይ ምንም ቅሪት አታስቀር። ከዚያ በቁጥር 40 ወይም 60 ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ድረስ ፈግፍገው፣ ብናኙን አንሳ፣ በአሴቶን በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ተወው ይድረቅ። ቀን ክፍት አድርገው፣ ማታ ሸፍነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ነህ፤ የመጋቢትን ፀሐይ በነጻ ታገኘዋለህ። እዚህ ላይ የምታባክነው ሳምንት አይቆጭህ። እርጥበት አሽገህ ከዘጋኸው የደከምክበትን ብስባሴ በራስህ እጅ እንደገና ዘራኸው ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ። የባሕር ኮምፖርሳቶ የሚባለውን ካገኘህ ጥሩ። ካላገኘህ ኮንስትራክሽን ዕቃ ሱቅ ግባና ለአርማታ ቅርጽ የሚውለውን፣ ፊቱ ጥቁር ወይም ቡናማ ፊልም የለበሰውን ጠይቅ። ሙጫው ውሃ እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። ፊልሙን ግን ሙሉ በሙሉ ፈግፍገህ ማንሳት አለብህ፣ ሬዚን አይዝበትም። ለቤት ዕቃ የሚሸጠውን ተራ ኮምፖርሳቶ አትግዛ። ከተጠራጠርክ ቁራጩን ድስት ውስጥ ለሰዓታት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ እንደገና ቀቅለው። ንብርብሩ ከተላቀቀ መልሱን አገኘህ። ጠርዙንም እይ፣ በንብርብሮቹ መሃል ክፍተት ካለ ውሃ መተኛ ነው። ውፍረቱ ከወጣው እንጨት ጋር እኩል ይሁን። ሳይበሰብስ የተረፈውን ጫፍ ለካ፤ ወይ 9 ወይ 12 ሚሊ ታገኝ ይሆናል። የወጣው ባልሳ ከሆነም በኮምፖርሳቶ መተካት ይቻላል፣ ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል እንጂ ለጫማ ቦታ እንዲያውም ይሻላል።

ሬዚን። ፖሊስተር በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ለአዲስ ጀልባ መሥሪያም የሚውለው እሱ ነው። ለጥገና ግን ኢፖክሲ ግዛ። ፖሊስተር ካረጀ ፋይበርና ከእንጨት ጋር አያያዙ ደካማ ነው፤ ኢፖክሲ ሁለቱንም አጥብቆ ይይዛል። ለወለል ልባስ የሚሸጠው ኢፖክሲ ብዙ ጊዜ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፣ ጨርቅ ውስጥ አይሰርግም። ጥርት ያለውን፣ ፋይበር ለማጥለቅ የሚሆነውን ጠይቅ። የምትጠቀመው ፋይበርም የተሸመነው ጨርቅ ይሁን። ያ እንደ ጥጥ የተበታተነው ምንጣፍ መሳይ ፋይበር ክሮቹን የሚያያይዝ ዱቄት አለው፤ ዱቄቱ በፖሊስተር ውስጥ ይሟሟል፣ በኢፖክሲ ግን አይሟሟም፣ እንደ ደረቀ ይቀርብሃል።

ልኬት ላይ አትጫወት። ለፖሊስተር ማጠንከሪያውን ከ1 እስከ 2 በመቶ እንደ ሙቀቱ ማብዛትና ማሳነስ ትችላለህ። በዚህ የለመደ ሰው ኢፖክሲም ላይ «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያ ይጨምራል። አይሠራም! ኢፖክሲ ሁለቱ ክፍሎች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑበት ነገር ነው፤ አንዱ ከበዛ የበዛው ሳይጠነክር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1፣ 5 ለ 1 ካለ 5 ለ 1። በክብደት ነው ወይስ በይዘት (በሚሊ ሊትር) የሚለውንም አንብብ። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝተህ ብትለካ ከማንኪያ ይሻላል። ፖሊስተሩን ከተጠቀምክ ደግሞ ያ ማጠንከሪያ ፐርኦክሳይድ ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ ከኮባልት ማፍጠኛው ጋርም በቀጥታ በፍጹም አይገናኝ፣ ይፈነዳል።

ሙቀቱም ሊያስቸግርህ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ቀትር 30 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኢፖክሲው የሚሰጥህ ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ትልቅ ጣሳ ሞልተህ ከበጠበጥክ ራሱን እያሞቀ ሊጨስ ይችላል። በትንሽ በትንሹ በጥብጥ፣ ወዲያው ሰፊ ዝርግ ዕቃ ላይ አፍስሰው። ሌላ ሚስጥር ልጨምርልህ፦ እንጨቱን የመጀመሪያውን ሬዚን የምትቀባው ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ መቀዝቀዝ ሲጀምር ይሁን። ጠዋት ከቀባኸው እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና አረፋ እየሠራ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ግን አየሩ ይሰበሰባል፣ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ኮምፖርሳቶውን ቆርጠህ በደረቁ ግጠመው። ጉብታውን አልከተል ካለ ሁለት ሦስት ቦታ ቁረጠው። አየር ማስወጫ ትናንሽ ቀዳዳዎች በየቦታው ብሳበት። ከዚያ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን በሙሉ በጥርት ሬዚን ቀባው፣ በተለይ ጠርዙን፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ይሄ ሳይደርቅ ወፍራም ማጣበቂያ አዘጋጅ። ማወፈሪያ ዱቄት ካላገኘህ ከእንጨት ቤት ደረቅ ሰጋቱራ ወስደህ በጥሩ ወንፊት ንፋው፣ ዱቄቱን ኢፖክሲው ውስጥ እየበተንክ አማስለው። የረጋ ማር ያህል ሲወፍር፣ በስፓቱላ ስታነሳው የማይንጠባጠብ ሲሆን ይበቃዋል። የታችኛው ቆዳ ላይ ጥርስ ባለው ስፓቱላ አልብሰው፣ እንጨቱን አስቀምጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫንክ አየሩን አስወጣ። ማጣበቂያው በየቀዳዳው ብቅ ሲል በደንብ ተቀምጧል ማለት ነው። ላስቲክ ዘርጋበት፣ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ደርድርበት። ጀሪካን ከድንጋይ ይሻላል፣ የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ እኩል ይጫናል።

በማግስቱ ፊቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ብታይ አትደንግጥ። የኢፖክሲ ጠባይ ነው። በውሃና በስፖንጅ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ፈግፍገው። ሳታጥብ ከፈገፈግከው ቅባቱን ታሰራጨዋለህ፣ ቀጣዩ ንብርብርም አይዝም።

የላይኛው ቆዳ መጋጠሚያ ነው ብዙ ጥገና የሚሰነጠቀው። ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝተህ ስቱኮ ብትሞላበት በአንድ ነፋስ መስመሩ ይታይሃል። አሮጌውን ቆዳ ዙሪያውን በስሱ እያጋደልክ ፈግፍገው፤ የቆዳውን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ይሂድልህ። ለ3 ሚሊ ቆዳ ከ3 ሳንቲም ተኩል በላይ ማለት ነው። አሮጌውን ቆዳ መልሰህ ብትለጥፈውም የሱን ጠርዝ እንደዚሁ ታጋድላለህ። የጨርቁን ንብርብር በዚህ ተዳፋት ላይ ነው የምታነጥፈው። ሬዚኑ ጨርቁን ሲያሰርገው ነጭነቱ ይጠፋል፤ ነጭ ነጥብ ካየህ አየር ነው፣ በሮለር ወይም በብሩሽ ጫፍ አስወጣው። ንብርብሩ የድሮውን ውፍረት እስኪያክል ይደራረብ፣ ጫማው ሥር ደግሞ ትንሽ ይብለጥ።

አሁን ወደ ዋንዛው። ምሰሶ ወደ ጎን ብቻ አይገፋም። ሽቦዎቹ ሲወጠሩና ነፋስ ሲመጣ ወደ ታች የሚጫነው ጭነት ከራሱ ክብደት እጅግ ይበልጣል። ወለሉ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ ከጫማው ሥር፣ ጀልባዋ ውስጥ፣ ጭነቱን ወደ ጀልባዋ ሆድ የሚያወርድ ቋሚ መኖር አለበት። ገብተህ እየው። ካለ፣ እግሩን በቢላ ጫፍ ውጋው፤ ጀልባ ውስጥ የቆመ ውሃ መጀመሪያ የሚያበሰብሰው እሱን ነው። ከበሰበሰ ወይም ጭራሽ ከሌለ ከደረቀ ዋንዛ ቁረጥ፣ ከአሮጌ ቤት የወጣ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዛፍ አታድርግ፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቋሚውን በኢፖክሲ ቀባው፣ ሁለቱን ጫፍ ደጋግመህ። ከላይም ከታችም ሰፋ ያለ ማረፊያ ይኑረው። ልኩ እግሩ ሥር ሳይላላ፣ ወለሉንም ወደ ላይ ሳይገፋ ነው።

ቀዳዳው ላይ ደረስን፤ ከሁሉም በላይ እንድትጠነቀቅበት የምፈልገው እዚህ ነው። ብሎንህ 8 ሚሊ ከሆነ በ8 አትብሳ። መጀመሪያ በ14 ሚሊ ፑንታ የላይኛውን ቆዳና እንጨቱን ብሳ። የታችኛው ቆዳ ላይ ስትደርስ አቁም። ቀዳዳውን አጽዳ፣ ግድግዳውን በጥርት ሬዚን በብሩሽ ቀባ፣ ከዚያ በወፈረው ኢፖክሲ አፍ እስካፉ ሙላው። ከሥር ጀምረህ ሙላ፣ አየር እንዳይታፈን። በደንብ ሲጠነክር መሃሉን በ8 ሚሊ እስከ ታች ብሳው። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በድፍን ኢፖክሲ ውስጥ ነው። ማሸጊያው አንድ ቀን ቢከዳህ እንኳ ውሃው በብሎኑ ዳር ወርዶ ጀልባዋ ውስጥ ይንጠባጠባል እንጂ እንጨቱን አያገኘውም። የጎኖቹን ብረቶች ቀዳዳም በዚሁ መንገድ ሥራ፤ ወለሉ ላይ ቪቴ ለመንካት ባሰብክ ቁጥር እንዲሁ አድርግ። ቀዳዳው አፍ ላይ በትልቅ ፑንታ ትንሽ ሰርጎድ አድርገው፣ ማሸጊያው ቀለበት ሆኖ የሚተኛበት ቦታ ያገኛል።

ጫማውን በቪቴ አትመልሰው። ብሎን አሳልፈህ ከሥር በዳዶ እሰረው። ከሥር ተራ ሮንዴላ አይበቃም፣ ቆዳውን ይበሳዋል፤ 5 ወይም 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ሰፊ የስቴንለስ ወይም የአሉሚኒየም ሳህን አድርግበት። ቋሚው መሃል ላይ ስለሚያርፍ ሳህኑን አስቀድመህ ከሱ ጋር አስተካክለህ ቁረጠው። ጫማው አሉሚኒየም ከሆነ ከስቴንለስ ብሎን ጋር እርጥበት ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመሃላቸው ማሸጊያ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ።

ማሸጊያው ፖሊዩሬቴን ወይም ቡቲል ይሁን። መጀመሪያ ዙሪያው እኩል ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ አጥብቅ። ሁሉንም ጨምቀህ ካስወጣኸው የሚያሽግ ነገር አልቀረም። ፖሊዩሬቴኑ ሲረጋ ትንሽ ትጨምርለታለህ። ስትጨምር ከላይ የብሎኑን ራስ ይዘህ ከሥር ዳዶውን አዙር። ብሎኑን ካዞርከው በአንገቱ ላይ የረጋው ቀለበት ይቀደዳል፣ ልፋትህም በዚያች ሩብ ዙር ይፈስሳል። ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሃል፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች።

ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሳትቀባ አትተወው፤ ሁለት ክፍል ያለው የፖሊዩሬቴን ቀለም ይሻላል። የመርገጫው ቦታ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ደረቅ ጥሩ አሸዋ ነስንስ፣ እግር አያንሸራትትም።

ምሰሶውን ስትመልስ እግሩ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መኖሩን እይ፣ ከተደፈነም ክፈተው፤ ካለዚያ በምሰሶው ውስጥ የሚወርደው ዝናብ እዚያው ጫማው ላይ ይተኛል። ሽቦዎቹን በምልክትህ መሠረት መልስ፣ ቀኝና ግራ እያፈራረቅክ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፣ ምሰሶው ሥር ቆመህ ወደ ላይ እያየህ ቀጥ ማለቱን አረጋግጥ። እንደ ክራር ክር አትወጥረው። ነፋስ ላይ ስትሆን ከነፋሱ በተቃራኒ ያለው ሽቦ ትንሽ ለቀቅ ቢል ጤና ነው፤ እየተወዛወዘ የሚደበደብ ከሆነ ነው ጥቂት የምትጨምርለት።

ይደርሳል ወይ ላልከው፣ አዎ ይደርሳል፣ አሁን ከጀመርክ። መጋቢትን ለመክፈትና ለማድረቅ፣ ሚያዝያን ለማጣበቅና ለማልበስ ብትይዝ፣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ ቀለምህ ደርቋል። ካልደረሰልህ ግን ተከፍቶ በማይረጥብ ጣሪያ ሥር ይክረም እንጂ እርጥቡን አትዝጋው። ክረምቱን ከላይ ስትሸፍናትም ላስቲክ አጣብቀህ አታልብሳት፤ ከሥሩ ታልባለች። መሸፈኛውን ከወለሉ ከፍ አድርገህ ወጥረው፣ ፊትና ኋላው ክፍት ይሁን፣ አየር ይለፍ።

ብሎንና ሳህን ከመግዛትህ በፊት የጫማውን ቀዳዳዎች ስፋትና የወለሉን ጠቅላላ ውፍረት ለክተህ ላክልኝ። ከውስጥ ቋሚ ካለም ፎቶ አንሳው፣ በተለይ እግሩን።